ሌላ በር

ስሙን ፊሽካ አልኩት፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲያ፣
ሰላሳ ዓመት የነፋሁትን ከአንገቴ አውልቄ፣ ምስማሩ ላይ ሰቅዬው እዚያ፣
ቤቱ ዝም ሲልብኝ ነው ያመጣሁት፣
ከዛገ ፉርጎ ሥር፣ በባርኔጣዬ፣ ከጣቢያ።

ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ቀትር፣ ከኒሟ ጥላ፣
እንደ ተመታ ወደቀ፤ አየሩን በእግሩ ሲቀዝፍ፣ ምላሱን በጥርሱ ሲበላ፣
ዓይኑ ተገልጦ አያየኝም፤ አረፋው ደረቱን ሞላ።
ሰዓቴን አወጣሁ፤ ልማድ ነው፣ የዘገየ ባቡር ሲያስቆጥረኝ የኖረ፤
ሁለት ደቂቃ ከሃያ። መንገደኛው ‹‹አብዷል!›› ብሎ ድንጋይ ቆጠረ።
ፊሽካ ተነሣ፣ ግድግዳ ገጨ፣
ውኃ ጠጣና አደረ።

ሳቢያን ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ኢፍራህ፣ ግመል ስታክም የዋለች፣
ዓይኑን በባትሪ አይታ ‹‹የሚጥል በሽታ ነው›› አለች።
ክኒን ሰጠችኝ፣ ጥዋትና ማታ። ‹‹ሰዓት እንዳታዛንፍ›› ብላ አስጠነቀቀች።
እኔን? ስለ ሰዓት?
ሣቅሁባት፤ እሷም ሣቀች።

ሰዓቱስ ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ አፉ ነው፣ አፉ።
በጉበት ጠቀለልኩለት፤ ጉበቱ ሄደ፣ ክኒኗ ቀረች ከደጃፉ።
በሙዝ፣ በሳምቡሳ ሞከርኩ፤ ሁሉን አጣጥሞ ሲጨርስ፣ እሷ ብቻ ከምንጣፉ፣
ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ወለቀ የሕፃን ጥርስ።
መንጋጋውን ፈልቅቄ ወደ ጉሮሮው ስገፋ
ጣቴን ነከሰኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ደንግጦ፣ አልጋ ሥር ገብቶ ጠፋ።

ወይዘሮ ረምላ፣ ጎረቤቴ፣ ውሻ አትነካም፤ ልብሷን ሰብስባ ነው የምታልፍ።
ግን በአጥሩ ቀዳዳ አይታኛለች፣ ውሻ ስለምን፣ ስቆጣ፣ ስለፈልፍ።
አንድ ምሽት ሳህን አቀበለችኝ፣ በሁለት ጣቷ ጫፍ፤
የግመል ሻኛ፣ የረጋ ጮማ። ‹‹መጀመሪያ ባዶውን አጉርሰው፤
ሁለተኛው ውስጥ ክኒኑን ቅበረው፤ ሦስተኛውን ከሩቅ አሳየው፤
ለሦስተኛው ሲቸኩል፣ ሁለተኛውን ሳያኝክ ነው የሚውጠው።
ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ያው ነው።››
ሳህኑን ስመልስ ግን አልተቀበለችም፤
‹‹ለእሱ ይሁነው።››

አራት ወር ሰላም። ከዚያ፣ ደቻቱ ሲያጉረመርም፣ በአንድ የነሐሴ ሌሊት፣
ወደቀ። ተነሣ ስል ወደቀ። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ሲቀጥልበት፣
ጥርሱ እንደ ያዘ ፍሬን ተገጥሞ።
ሻኛ ምን ይሠራል፣ አፍ በሌለበት?

ኢፍራህ በስልክ፦ ‹‹የሰጠሁህ ሲሪንጅ የት ነው? መርፌ የሌለው፣ አጭር ቱቦ ያለው?
ጭራውን አንሣ። ቱቦውን ቅባት ቀባው።
በዚያ በኩል ነው የምትሰጠው።
አትፈር፤ አፍ ሲዘጋ ሰውነት ሌላ በር አለው።››

መብራት ጠፍቷል። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በርከክ ብዬ፣
ፒስተን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቀስ አድርጌ ገፋሁት፣ ‹‹አይዞህ››ን በአፍንጫዬ ብዬ።
ሰዓቴን አላየሁም።

ያኔ ነው ጥላዬ የመጣብኝ፣ ታናሼ፣ ከዚራ፣ ከትምህርት ቤት ደጅ፣ ደብተሩ ተበትኖ።
ሰው ዙሪያውን ቆሟል፤ የሚነካው የለም፣ ይጋባል ብሎ አምኖ።
አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት፣ ጭሱ መድኃኒት ሆኖ።
እኔም ቆሜያለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ። እጄ በኪሴ ተሸፍኖ።

አልነካሁትም።

ኋላ ደቻቱ ውስጥ ብቻውን ወድቆ ተገኘ፤
አፉን አሸዋ ሞልቶት።

ፊሽካ መቅዘፉን ተወ፤ ትንፋሹ ረዘመ፣ ምላሱ ለሰለሰ፤
ጭኔ ላይ ሸንቶብኝ ተኛ፤ ሱሪዬ ራሰ።
አልተነሣሁም። እጄን ከጎድኑ ላይ ሳላነሣ
ጎህ ሲቀድ፣ እዚያው መሬት ላይ፣ ዓይኔን እንቅልፍ ለበሰ።

ስነቃ ፀሐይ ገብታለች። አጥሩ ላይ ሳህን ተቀምጧል፤ ሦስት ቁራጭ፣ የረጋ ጮማ።
ከወዲያ በኩል ‹‹እንዴት አደረ?›› አለች፤ መልሴን ሳትሰማ
ልብሷን ሰብስባ ገባች።
ክኒኑ የአንድ ሰዓት ነው። አንድ ከሩብ ሆኗል።
በሰላሳ ዓመት ሥራ እንዲህ ዘግይቼ አላውቅም።
ፊሽካ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጠበቀኝ።